ከጓዳ እስከ ጆሮ

አንድ ዘፈን ከዘፋኙ አፍ ወጥቶ ከአድማጩ ጆሮ እስኪገባ ድረስ በስንት ሰው እጅ ያልፋል? ስቱዲዮ የሚያከራይ አለ፤ የሚቀርጽ አለ፤ ሸክላውን የሚያትም አለ፤ ሽፋኑን የሚሥል አለ፤ የሚያከፋፍል አለ፤ የሚቸረችር አለ። እነዚህ ሁሉ እንደ ድሮው ቀራጭ በየኬላቸው ተቀምጠው የየድርሻቸውን ካነሡ በኋላ ለባለዘፈኑ የሚተርፈው አንዳንድ ጊዜ ጭብጨባ ብቻ ነው።

ይህን የኬላ ብዛት ጠልተው ዘፈናቸውን በገዛ ጓዳቸው የሚቀርጹ፣ በገዛ ገንዘባቸው የሚያሳትሙ፣ በገዛ እጃቸውም የሚሸጡ ሙዚቀኞች በብዛት መታየት ከጀመሩ ሃምሳ ዓመት ያህል ሆኗል። ከነርሱም መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው ጊታርና ከበሮ የሚመቱት የሮክ ተጫዋቾችና፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ እየፈጠረ በሚያወጣው ሲንተሳይዘር በሚባለው ባለቁልፍ መሣሪያ የሚጫወቱት ናቸው። የነዚህ የኋለኞቹ ሙዚቃ ሲንት ፖፕ ይባላል። ከ2024 ወዲህ ከእነዚህ ሰዎች እጅ የወጡትን ጥቂት ሥራዎች ስናዳምጥ ከርመን ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ፣ ነገሩ ከዜማው ይልቅ ወደ መንገዱ ሳበን። (ዓመቶቹን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) ዘፈን በቤት ውስጥ መሥራት እጅግ ቀሏል። ከአድማጭ ዘንድ ማድረስ ግን አልቀለለም። ይህን ለመረዳት አዲሱን ከመስማታችን በፊት ጥቂት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል።

በ1977 መባቻ ላይ በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር ከተማ፣ ባዝኮክስ የተባሉ ልጆች ከዘመድና ከወዳጅ 500 ፓውንድ ተበድረው አራት ዘፈን ያለባት ትንሽ ሸክላ አወጡ። በመጀመሪያ ያሳተሙት 1,000 ብቻ ነበር፤ እሱ ቶሎ ስላለቀ ደጋግመው ለማሳተም ተገደዱ። በዚያው ዓመት ዴስፐሬት ባይሲክልስ የተባሉ ሌሎች ልጆች ደግሞ ከዚህም ባነሰ ገንዘብ፣ በ153 ፓውንድ፣ 500 ሸክላ አሳተሙ። ለሚሰማቸው ሰው ሁሉ ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ እየነገሩ እሱም ሄዶ እንዲሞክረው ይገፋፉት ነበር። በ1978 ስክሪቲ ፖሊቲ የሚባሉት ተከተሉ። እነዚህ ያደረጉት ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ለስቱዲዮ ይህን ያህል፣ ለማተሚያ ይህን ያህል፣ ለወረቀቱ ይህን ያህል እያሉ ወጪያቸውን በሙሉ ከሸክላው ሽፋን ላይ ዘርዝረው አተሙት። ነጋዴ የዕቃውን መግዣ ለደንበኛው እንደማይነግር ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህ ልጆች መግዣውን በመሸጫው ጀርባ ላይ ጻፉት! በበኩላችን፣ ያች የሒሳብ ዝርዝር በዚያ ዘመን ከወጡት ዘፈኖች ከብዙዎቹ ይልቅ ሰው ያነሣሣች ይመስለናል።

በዚያው በ1978 ዳንኤል ሚለር የተባለ የለንደን ሰው ያገለገለ ኮርግ ሲንተሳይዘርና አራት ድምፅ ለየብቻ የሚቀርጽ የቴፕ መቅረጫ ገዝቶ በእናቱ ቤት ውስጥ ሁለት ዘፈን ሠራ። መሣሪያው ርካሽና በጣት በጣት የሚመታ እንጂ እንደ ፒያኖ ብዙ ድምፅ በአንድ ላይ የሚያወጣ አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። ሮክ ለመጫወት ቢያንስ ሦስት ጓደኛ ያስፈልጋል፤ ከሦስቱም አንዱ ከበሮ የሚያስቀምጥበት ቤትና ታጋሽ ጎረቤት ሊኖረው ይገባል። ሲንተሳይዘር ግን ጓደኛ ለሌለውም ሰው ይሆናል። ሚለርም ብቻውን ሆኖ ሳለ ራሱን ዘ ኖርማል ብሎ ሰየመ፤ ከሽፋኑም ላይ ሚዩት የሚል የኩባንያ ስም ጻፈ። ኩባንያው እሱ ራሱ ነበር። ይሁን እንጂ ከሽፋኑ ላይ የታተመውን አድራሻ ያዩ ወጣቶች እውነተኛ ኩባንያ መስሏቸው የየራሳቸውን ካሴት ይልኩለት ጀመር፤ በዚህ ዐይነት የውሸቱ ኩባንያ እውነተኛ ሆነ። በኋላ በዓለም ሁሉ የታወቁትን ዲፔሽ ሞድን የተቀበላቸው ያለ ውል፣ በእጅ መጨባበጥ ብቻ ነው።

ለመሆኑ እነዚህ ሸክላዎች ከለንደን ጓዳ ወጥተው ሌላ ከተማ እንዴት ደረሱ? ጥያቄው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነሣው የመሣሪያው ነገር እንጂ የመንገዱ ነገር አይደለም። በ1976 ጄፍ ትራቪስ የተባለ ሰው በምዕራብ ለንደን ራፍ ትሬድ የሚባል የሸክላ መደብር ከፍቶ ነበር። ይህ መደብር በሌሎች ከተሞች ካሉ መሰሎቹ ጋራ ተስማምቶ ማከፋፈያ አቋቋመ። ባለሸክላው ሣጥኑን ተሸክሞ ከመደብሩ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መደብሮቹ እየተቀባበሉ ያደርሱለታል። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የማያዙበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። ዐሥር ዓመት በላይ ሠራ። በ1991 ግን የራፍ ትሬድ ማከፋፈያ ከሰረ። ሲወድቅም ብቻውን አልወደቀም፤ ገንዘባቸው በእሱ እጅ የነበረ ብዙ ትንንሽ አሳታሚዎች አብረው ተጎዱ። ሸክላ ማሳተሙን ሁሉም ተምረው ነበር፤ መንገዱ ግን አንድ ብቻ ነበር።

በመካከሉ መሣሪያው እየቀለለ ሄዷል። በ1979 በጃፓን የተሠራው ፖርታስቱዲዮ የሚባለው መቅረጫ በተራ ካሴት ላይ አራት ድምፅ ለየብቻ ይቀርጽ ስለ ነበር፣ ስቱዲዮው ከጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሆነ። ብሩስ ስፕሪንግስቲን የሚያህል ስመ ጥር ሰው እንኳ በ1982 ያወጣውን ነብራስካ የተባለውን ሥራውን የቀረጸው ከመኝታ ክፍሉ ውስጥ በዚችው መሣሪያ ነው። እርግጥ ነው፣ እሱ ከጓዳው ሲወጣ ደጃፉ ላይ ትልቅ ኩባንያ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

የኛም አገር ሰው ከዚህ ታሪክ ውስጥ አለበት። ሸክላ የማሳተሙ መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀርጾ፣ ሸክላውን ሕንድ አገር አሳትሞ፣ አዲስ አበባ አምጥቶ ሸጠ። ቢታሰር ኖሮ የሚገርም አልነበረም። ከዚያ በኋላ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላ አሳተመ፤ ዛሬ ወርቃማ ዘመን እያልን የምናወራለት ሙዚቃ ብዙው በዚህ በር የወጣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚስማማው ግን የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ነው። አቶ ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆነው በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመት ሠርተዋል። በ1981 ባንዱ ወደ አሜሪካ ሄዶ ሲጫወት ከከረመ በኋላ እኩሌታው ሲመለስ እርሳቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ከአንድ ትንሽ ስቱዲዮ ገብተው፣ ያለ ባንድ፣ ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። በልጅነታቸው የሚያውቁትን አኮርዲዮን አነሡ፤ ከሥሩ የከበሮ ማሽን አስኬዱ፤ በላዩ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሙግና ያማሃ ሲንተሳይዘር ደራረቡበት። የካሴቱ ስም «ሸሞንሟናዬ» ነው።

ይህን ካሴት ያልሰማ አንባቢ ካለ ይስማው። ከበሮው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። አኮርዲዮኑ ግን እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ የቆየውን የአገር ዜማ ይዞ አንዴ ከከበሮው ይቀድማል፣ አንዴ ወደ ኋላ ይቀራል። ከማሽኑና ከሰውዬው መካከል ያለችው ያች ትንሽ ክፍተት የካሴቱ ውበት ናት። በእንግሊዝ አገር ሲንተሳይዘር የሚጫወቱት ልጆች በዚያ ዘመን ሰውን ማሽን ለማስመሰል ይደክሙ ነበር፤ አቶ ኃይሉ ማሽኑን ሰው አስመሰሉት።

ካሴቱ ወደ አገር ቤት መጥቶ ተሸጠ፤ ቀኑም አለፈ። ባለካሴቱ በዋሽንግተን አጠገብ ባለው የዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆኑ። ኪቦርዳቸውን ከታክሲው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አኑረው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ እያወጡ ይለማመዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ፣ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ከአሮጌ ካሴቶች መካከል «ሸሞንሟናዬ»ን አገኘ፤ ባለቤቱን ፈልጎ አስፈቀደና በ2013 በሸክላ አሳተመው። አቶ ኃይሉም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ እንደገና ቆሙ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። በ1985ና በ2013 መካከል ያለው 28 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሙዚቃው ላይ አንድ ኖታ እንኳ አልተለወጠም። የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ዛሬው እንምጣ። አሁን አንድ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ ሚለር ከነበረው መሣሪያ እጅግ የሚበልጥ በእጁ አለ። ማተሚያም አያሻውም፤ ዘፈኑን በኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው። በ2008 የተቋቋመው ባንድካምፕ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ለዚህ ዐይነቱ ሙዚቀኛ ዋናው ገበያ ሆኖ ቆይቷል። ሙዚቀኛው ዋጋውን ራሱ ይተምናል፤ ድርጅቱ በኢንተርኔት ከሚወርደው ዘፈን 15 ከመቶ፣ ከሸክላና ከካሴቱ 10 ከመቶ ይወስዳል። በወረርሽኙ ጊዜ፣ መድረኮች ሁሉ ተዘግተው ሳለ፣ መጋቢት 20 ቀን 2020 ድርሻዬን ለዛሬ ትቻለሁ ቢል፣ አድማጮች በአንድ ቀን ውስጥ 4.3 ሚሊዮን ዶላር የሚያህል ሙዚቃ ገዙ። ይህ ኬላ ነው ቢባል እንኳ ቀራጩ ደግ ነው ያሰኛል።

ነገር ግን በ2022 ባንድካምፕ ኤፒክ ጌምስ ለሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ኩባንያ ተሸጠ። በ2023 ደግሞ ኤፒክ ሶንግትራደር ለሚባል ለሌላ ኩባንያ አሳልፎ ሸጠው፤ በዚያን ጊዜም ከሠራተኛው ግማሽ ያህሉ ሥራውን አጣ። ሙዚቀኞቹን አንድም ሰው አላማከራቸውም፤ መንገዱ የነርሱ አይደለምና።

ሌላው ትልቁ መንገድ፣ ሰው በየወሩ እየከፈለ ያሻውን የሚሰማበት ስፖቲፋይ ነው። ይህ ድርጅት ከ2024 ጀምሮ በዐሥራ ሁለት ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን ክፍያ አይታሰብም የሚል ደንብ አወጣ። የሰጠው ምክንያት፣ ክፍያው ከሳንቲም ስለማይበልጥ ከባለቤቱ እጅ አይደርስም፣ አጭበርባሪዎችም በዝተዋል የሚል ነው። ምክንያቱ ጭራሽ ባዶ አይደለም። ቢሆንም የ900 ሰው ጆሮ እንደ ዜሮ የሚቈጠርበትን ሒሳብ የትኛው የሒሳብ መምህር እንዳስተማረው ለማወቅ እንፈልጋለን።

ከ2024 አዳዲስ ሥራዎች ይበልጥ ያስደነቀን በዚህ በኩል የመጣው ነው። ፓትሪክ ፍሌግል የተባለው የካናዳ ሙዚቀኛ ሲንዲ ሊ በሚለው የመድረክ ስሙ «ዳይመንድ ጁቢሊ» የተባለ 32 ዘፈን ያለበት፣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ሥራ በመጋቢት ወር 2024 አወጣ። ስፖቲፋይ ላይ አላስገባውም። ሁለቱን ሰዓት በሙሉ በአንድ ቁራጭ አድርጎ ዩቱብ ላይ አስቀመጠው፤ ማውረድ ለሚፈልግም ሆን ተብሎ የሃያ አምስት ዓመት አሮጌ እንዲመስል የተሠራ የኢንተርኔት ገጽ አዘጋጅቶ፣ የሚችል 30 የካናዳ ዶላር ቢልክልኝ ደስ ይለኛል አለ። ያ ብቻ ነው። ሥራው ግን ከሰው ወደ ሰው እየተወራ ሄዶ በዓመቱ ለካናዳው ፖላሪስ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ለመሆን በቃ፤ በ2025ም በሸክላ ታተመ።

ድምፁ እንዴት ነው ቢሉ፣ በሌሊት ሬዲዮ ሲነካኩ ከሩቅ ጣቢያ ብልጭ ብሎ እንደሚመጣ፣ ድርግም ብሎም እንደሚጠፋ ዘፈን ነው። ጊታሩ የ1960ዎቹን የአሜሪካ ሴት ዘፋኞች ዘመን ያስታውሳል፤ ድምፁ ቀጭንና ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ ነው፤ የቴፑም ሹክሹክታ ሳይጠራ እንዳለ ቀርቷል። ብዙው እጅግ ያምራል። ከ32ቱ ስድስት ሰባቱ ቢቀሩ ግን የሚከፋው ሰው መኖሩን እንጠራጠራለን። መቀስ የያዘ አሳታሚ በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ደግሞም እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ሥራው ያለ ኬላ አልሄደም፤ ፒችፎርክ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ጋዜጣ እጅግ ከፍ ያለ ነጥብ ባይሰጠው ኖሮ ከግማሹ በላይ አድማጭ ባልሰማው ነበር ብለን እናስባለን። ኬላውን የዘለለው በሌላ ኬላ በኩል ነው።

የሚንስኮቹ ልጆች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሞልቻት ዶማ ማለት በሩስኛ «ቤቶቹ ዝም ብለዋል» ማለት ነው። ሦስት የቤላሩስ ወጣቶች ናቸው። በ2018 ያወጡትን «ኤታዢ» የተባለውን ሥራቸውን ጀርመን አገር ያለ አንድ ትንሽ አሳታሚ በጥቂቱ አሳተመላቸው። የከበሮ ማሽን፣ ቀዝቃዛ ሲንተሳይዘር፣ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ያለ ወፍራም ድምፅ፣ ከሽፋኑም ላይ ግራጫ ፎቅ አለ። (ሁሉም የሚንስክ ቤት ይመስለዋል፤ ሕንፃው ግን ስሎቫኪያ ውስጥ ያለ ሆቴል ነው።) ሥራውን ሌላ ሰው ዩቱብ ላይ ለጠፈው፤ ሚሊዮኖች ሰሙት። በ2020 ደግሞ «ሱድኖ» የተባለው ዘፈናቸው ቃሉ የማይገባቸው የአሜሪካ ልጆች ቲክቶክ ላይ ሲያጅቡበት ከረሙ። ግጥሙ ቦሪስ ሪዢ የተባለው፣ በወጣትነቱ የሞተው የሩሲያ ባለቅኔ ነው፤ ልጆቹ ልብስ እየቀያየሩ የሚስቁበት ግን እርሱኑ ነበር። መንገድ ያልሠሩት ሰዎች መንገዱ የት እንደሚያደርሳቸው መምረጥ አይችሉም። በ2024 ወደ ሎስ አንጀለስ ከተዛወሩ በኋላ ያወጡት «ቤላያ ፖሎሳ» ጥራቱ የላቀ ነው፤ ዜማውም ሰፍቷል። ለኛ ጆሮ ግን ያ የጠባብ ክፍል ብርድ ከጥራቱ ጋራ ጠፍቶበታል።

የኒው ዮርኮቹ ኔሽን ኦቭ ላንግዊጅ በሲንት ፖፕ በኩል ደስ ያሰኙናል። ዘፋኙና ኪቦርድ ተጫዋቿ ባልና ሚስት ናቸው። በሠርጋቸው ጊዜ ለተጋበዙት ሰዎች፣ ስጦታ አታምጡልን፣ ይልቁን ለስቱዲዮ ኪራይ አዋጡልን ብለው፣ በዚያ ገንዘብ ቀረጻቸውን ጀመሩ፤ የመጀመሪያውን ሥራቸውንም በ2020 ራሳቸው አወጡት። በሠርግ ሰበብ ዕዳ ውስጥ ለሚገባው ለኛ ዘመን ሙሽራ ይህ ወሬ ቢደርሰው አይከፋም። በ2025 ያወጡትን «ዳንስ ኮልድ ሜሞሪ» ያሳተመላቸው ግን የሲያትሉ ሰብ ፖፕ ነው። ሰብ ፖፕ ራሱ በትንሽ ቤት ተጀምሮ በ1995 ድርሻውን 49 ከመቶ ለዋርነር የሸጠ አሳታሚ ነው። ይህን ክህደት ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አንልም። ሥራው ከፊተኞቹ ይልቅ ጊታር የበዛበት፣ ረጋ ያለ፣ ኀዘኑ የማይጮኽ ነው፤ ሠርገኞቹም ያዋጡት ገንዘብ በከንቱ አልቀረም።

ከሁሉ የደፈሩት የአውስትራሊያዎቹ ኪንግ ጊዛርድ ናቸው። በ2017 «ፖሊጎንድዋናላንድ» የተባለውን ሥራቸውን በነጻ ለቀው፣ ዋናውን ቅጂ ከነሽፋኑ ሥዕል አስቀምጠው፣ የፈለገ ሁሉ ሸክላ ያትመው፣ ይሽጠውም አሉ። በብዙ አገር ያሉ ትንንሽ አሳታሚዎች በየቀለሙ አትመው ሸጡት። በሐምሌ 2025 ደግሞ የስፖቲፋይ ኃላፊ ገንዘቡን በጦር መሣሪያ ኩባንያ ላይ ማዋሉን ተቃውመው ሥራቸውን ከዚያ አወጡ፤ ባንድካምፕ ላይ ሰው የፈለገውን ያህል እየከፈለ እንዲወስደው ለቀቁት። ከአንድ ወር በፊትም ዲርሁፍ የተባሉት የአሜሪካ ተጫዋቾች በዚሁ ምክንያት ወጥተው ነበር። ድፍረታቸውን እናደንቃለን፤ ይሁን እንጂ ኪንግ ጊዛርድ በሄዱበት ሁሉ አዳራሽ የሚሞላላቸው ሰዎች ናቸው። አርባ አድማጭ ያለው ልጅ ከስፖቲፋይ ቢወጣ መውጣቱን የምታውቀው እናቱ ብቻ ናት።

የውጭ ምንዛሪ መክፈያ ካርድ በእጁ የሌለ አንባቢ ቢኖር፣ «ዳይመንድ ጁቢሊ» ሲወጣ ጀምሮ ዩቱብ ላይ በነጻ የተለቀቀ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ያልሞላ ጊዜ ስለሚወስድ በሥራ ቀን አይሞከርም፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ከመካከሉ ለሻይ መነሣትም ይቻላል፤ ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነውና።